ጉዳት ያላደረሰ ቸልተኝነት በደል ነውን?

ሰው በባልንጀራው ላይ ክፉ ሲሠራ በደሉ ይታወቃል፤ የተጎዳው ይጮኻል፣ ከሳሽ ይነሣል፣ ዳኛም ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ሰው ማድረግ የሚገባውን ነገር ሳያደርግ ቢቀር፣ ከዚህም የተነሣ ሊደርስ ይችል የነበረው ጥፋት እንዲያው በአጋጣሚ ሳይደርስ ቢያልፍ፣ ይህ ሰው በደለኛ ነውን ወይስ ንጹሕ? የተጎዳ የለም፤ ከሳሽም ምስክርም የለም፤ ሰውየውም ወደ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ይተኛል። ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት መካከል ለሚውሉ ሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኔ ግን ያገኘሁት በአትክልት ተራ፣ በሽንኩርት ጆንያና በቲማቲም ሣጥን መካከል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሆነውን እንደ ሆነ እተርካለሁ፤ ከዚያ በኋላ አስተያየቴን ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በማለዳ ነው። ያን ጊዜ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ሲወርዱ ይገኝ የነበረው የአትክልት ገበያ ገና ከስፍራው አልተነሣም ነበር። ሌሊቱን ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው የገቡት አይሱዙዎች ጭነታቸውን አራግፈው፣ መንገዱ በጋሪ፣ በተሸካሚና በቸርቻሪ ተሞልቶ ነበር። እኔ እነዳት የነበረችው መኪና ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለች፣ የከተማችን ሰው «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ቍልቍለቱን በዝግታ ስወርድ አንድ ወጣት ተሸካሚ የሽንኩርት ጆንያ በትከሻው ይዞ መንገዱን ለማቋረጥ ከፊቴ ገባ። ፍሬን ረገጥሁ፤ ፔዳሉም ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ሁለተኛ ረገጥሁ፤ እንደ ፊተኛው ሆነ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝሁ፤ መኪናይቱም ባዶ የቲማቲም ሣጥኖች ከተቈለሉበት ላይ ወጥታ፣ ከልጁ እግር ለመድረስ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀራት ቆመች።

ልጁ ዘወር ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ሣጥኑ ምን አደረገዎት?» ብሎ ሳቀ። በአካባቢው የነበሩትም ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ከድንጋጤ የተነሣ አብሬ ሳቅሁ። የሣጥኖቹን ዋጋ ለባለቤቲቱ ከፈልሁ። ለልጁም አንዳች ነገር ልሰጠው እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ፤ ነገር ግን የምሰጠው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመናገር ስላልቻልሁ እጄን ባዶውን መለስሁ። እርሱም ጆንያውን በትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ሰው መካከል ገብቶ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የአንድ ማለዳ አጋጣሚ ይመስላል። እውነቱ ግን የተጀመረው ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሰኔ ወር መኪናዬን ያየልኝ ሽማግሌ መካኒክ፣ የኋላው ፍሬን ጎሚኒ ማንጠብጠብ እንደ ጀመረና ሸራውም እንደ ሳሳ ነግሮኝ፣ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለስ» ብሎኝ ነበር። አልተመለስሁም። የፍሬኑ ዘይት በጐደለ ቍጥር ራሴ ከጠርሙስ እየጨመርሁ እነዳ ነበር። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናይቱን አስጐትቼ ወደ እርሱ ዘንድ ሄድሁና፣ «ጋሼ፣ ዘይቱን እየጨመርሁ ነበር እኮ» አልሁት። እርሱም ጎማውን ፈትቶ በዘይት የራሰውን ሸራ እያሳየኝ፣ «ልጄ፣ ዘይት ስትጨምር ፍርሃትህን ነው የጠገንኸው እንጂ ፍሬኑን አልጠገንኸውም» አለኝ። ሌሎቹ ሁሉ በሳቁበት ነገር እርሱ ብቻ አልሳቀም።

የመካኒኩን ነገር ለመረዳት ስለ መኪና ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አውቶሞቢል በአገራችን መታየት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ጀምሮ እየነዳ ወደ አዲስ አበባ አገባት። ከዚያ ወዲህ መኪና እየበዛ ሲሄድ የጋራዥ ሰዎቻችን ቋንቋ ከኢጣልያ በመጣ ቃል ተሞላ፤ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ እያልን የዕቃውን ሁሉ ስም ተቀበልን። ቀን ተቈርጦለት የሚደረገውን ምርመራም «ሰርቪስ» ብለን ስሙን ወሰድን፤ ነገር ግን ለብዙዎቻችን ትርጓሜው የሞተር ዘይት መቀየር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሰርቪስ ግን ከዚህ የሰፋ ነገር ነው። ተራው የሞተር ዘይት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደበት በኋላ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የመከላከል ኀይሉ ስለሚደክም ከነፊልትሮው ይቀየራል። የአየር ማጣሪያው በከተማችን አቧራ ሲደፈን ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ነዳጅም በከንቱ ይፈጃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። በብዙ አሮጌ መኪናዎች የሚጨመረው «ዶት 3» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ በፈላ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል እንጂ ጎማው አይያዝም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል የሚወርድ ነጂ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ የፍሬን ዘይት ባይጐድልም እንኳ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት።

እንዲሁም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ስለ ሆነች፣ በሌላ አገር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በእርስዋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን አርጅቶ ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው ፈልቶ ይወጣል፤ ሞተሩም ይግላል፤ ባለ መኪናውም ለአንድ ትንሽ ክዳን የሳሳውን ገንዘብ እጥፍ አድርጎ ለቴስታ ሥራ ይከፍላል። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ያለው የጎማ ቺንጋ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲቃረብ ሳይበጠስ መለወጥ አለበት። አዲስ ጎማ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ይኖረዋል፤ ብዙ አገሮችም ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች በወረደ ጎማ መንዳትን በሕግ ይከለክላሉ።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው እነዚህ ነገሮች ሁሉ አንድ ጠባይ ያላቸው መሆኑን ነው፤ ይኸውም ሲያልቁ ድምፅ አያሰሙም። መኪናይቱ ትናንት እንደ ሄደች ዛሬም ትሄዳለች፤ ዛሬ በመሄድዋም ነገ የምትሄድ ትመስለናለች። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት አበው እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ነው። አዲስ መኪና የባለቤቱን ስሕተት ጥቂት ትታገሣለች፤ አሮጌይቱ ግን በየዓመቱ ትዕግሥትዋ እያነሰ ስለሚሄድ ምርመራዋ እየቀረበ መሄድ ይገባው ነበር። እኛ ግን ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ መኪናይቱ አዲስ ሳለች በየጊዜው እናስመረምራታለን፤ ስታረጅ «እንግዲህ ለእርስዋ ምን ገንዘብ ይወጣል» ብለን እንተዋታለን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም መካኒክ የነገራቸውን አልሰሙም፤ ሁለቱም በሳሳ ፍሬን አምስት ወር ነድተዋል፤ ሁለቱም በአንድ ማለዳ በአንድ ቍልቍለት ወረዱ። በአንደኛው ፊት ባዶ ሣጥን ነበረ፤ በሁለተኛው ፊት ሰው። አንደኛው የሣጥን ዋጋ ከፍሎ ሄደ፤ ሁለተኛው ነፍሰ ገዳይ ተባለ። በሁለቱ ሰዎች ልብ፣ ዕውቀትና ምርጫ መካከል ምን ልዩነት አለ? አንዳች የለም። ልዩነቱ ሁሉ ያለው በመንገዱ ላይ ነው፤ መንገዱን ደግሞ አንዳቸውም አላዘጋጁትም። ሰው በልቡና በሥራው የሚመዘን ከሆነ፣ እኔ ከዚያ ከነፍሰ ገዳዩ በምን እበልጣለሁ?

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች የሚሰጡትን መልስ ጠይቄ ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ፊተኛው መልስ፣ «ጉዳት ከሌለ በደል የለም» የሚል ነው። ይህ ቃል ለጊዜው እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሲመረምሩት አይቆምም። አንድ ሰው በገበያ መካከል ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃ ቢተኩስና ጥይቱ ማንንም ሳይነካ ግንብ ላይ ቢቀር፣ «የሞተ የለምና ምንም አላደረገም» የሚለው ማን ነው? እንዲያውም የተሳተው ሰው ሁሉ ይቈጣዋል። የሳሳ ፍሬን ከዚህ የሚለየው ጥይቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ ብቻ ነው። በዚያ ማለዳ የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመው ልጅ ቍስል ባይደርስበትም ሕይወቱ ሳያውቅና ሳይፈቅድ በእኔ ስንፍና ተይዛ ነበር። ይህን የማድረግ መብት ማን ሰጠኝ?

ሁለተኛው መልስ፣ «ሁሉ በፈጣሪ ፈቃድ ነው፤ ያልታዘዘ አይመጣም» የሚል ነው። ይህን የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ልበ ቅን ነው፤ በኀዘን ቤትም ቃሉ የሚያጽናና ነው። ነገር ግን ኀዘንተኛ ለመጽናናት የሚናገረውን ቃል ባለ መኪና ከሥራ ለመሸሽ ሲናገረው ቃሉ ሌላ ይሆናል። ገበሬ ዝናምን ከሰማይ ይጠብቃል፤ ማረሻውን ግን ራሱ ይስላል። የሸራውን መሳሳት በሰኔ ወር በዓይኔ አሳይተውኝ ሳለ፣ በኅዳር የሚሆነውን በፈጣሪ ላይ ማሳበብ ቸልተኝነትን ከሐሰት ምስክርነት ጋር መደራረብ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የከበደው ነው፤ እርሱም «የለኝም» የሚል ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር የቀን ገቢውን ለመኪናው ባለቤት አስረክቦ በተረፈችው ልጆቹን ያሳድራል። መኪናው አንድ ቀን ጋራዥ ከዋለ የዚያን ቀን ቤቱ እሳት አይነድበትም። የመለዋወጫ ዋጋም ዓመት በዓመት ይጨምራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የእነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት ምንም ቢሆን፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን ይዞ እንደሚቈይ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለውን ድኻ ሾፌር በሞቀ ቤት ተቀምጦ «አንተ በደለኛ» ማለት ለእኔ አይገባኝም።

ቢሆንም ቅሉ ይህ መልስ በደሉን አያጠፋውም፤ ስፍራውን ይለውጠዋል እንጂ። ገቢውን በየቀኑ የሚቀበል፣ ነገር ግን በወር አንድ ቀን ለጋራዥ የማይፈቅድ ባለቤት በቤቱ ተኝቶ ሳለ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ቲማቲሙ ሳይበላሽ ከንጋት በፊት ይድረስልኝ ብሎ ሾፌሩን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስሮጥ ነጋዴም እንዲሁ ነው። ሕዝባችን አይሱዙ የጭነት መኪናን ስለ አደጋው ብዛት «አል ቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል። ስሙ ያስቃል፤ ነገር ግን ሳናውቀው ጥፋቱን ሁሉ በብረቱ ላይ ጥለን፣ ያላስመረመረውንና ያስሮጠውን ሰው ነጻ አውጥተነዋል። በደል ሥልጣን ወዳለበት ይወጣል፤ መከላከል የሚችለው ሰው ይበልጥ ይጠየቃል። ደግሞም በእውነት ያጣ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር ከእርሱ አይጠፋም፤ በዝግታ መንዳትና እውነቱን መናገር። እኔ ግን ድኻ ነበርሁ ለማለት አልችልም፤ የሸራው ዋጋ በኪሴ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሕግ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 ባለ መኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ይደነግጋል፤ መኪናውን ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል። ነገር ግን ሁለቱም በዋናነት የሚነሡት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ዳኛ ልብን ሊመረምር ስለማይችል ይህ የሕግ ጕድለት ሳይሆን የሰው ዳኝነት ወሰን ነው። ሆኖም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው እንዳይሆን፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 681 ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ደንግጓል። የከተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ የዚሁ ምልክት ነው።

ይህ ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሰው ምልክቱን ከነገሩ ይልቅ መውደዱ የቈየ ሕመም ነው። ለምርመራ ቀን ብቻ ደኅና ጎማ ተውሶ አስገጥሞ፣ ቦሎውን ከተቀበለ በኋላ የተላጠውን ጎማ መልሶ የሚያስር ሰው እንዳለ ስንሰማ እንስቃለን። ይህ ሰው መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል፤ ያታለለው ግን ራሱን፣ ከኋላ የተቀመጡትን ልጆቹንና በመንገዱ የሚያገኘውን ሰው ነው። እኔም በእርሱ ላይ ለመሳቅ አልደፍርም፤ በዚያ ማለዳ ቦሎዬ ጊዜው ሳያልፍ በመስታወቴ ላይ ተለጥፎ ነበርና። ቦሎ መኪናይቱ በተመረመረችበት ቀን ደኅና እንደ ነበረች ይመሰክራል እንጂ ከዚያ ወዲያ ስለ ነበሩት ወራት አይመሰክርም። ስለ ቀሩት ቀኖች ምስክሩ ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከዘመኑ ሕግ የቀደመው የኦሪት ሕግ በዚህ ነገር ላይ ጥልቅ አስተያየት እንዳለው ካህናት አንባብያን ያውቃሉ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ እንዳይሞት በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ትእዛዙ ሰው እስኪወድቅ አይጠብቅም፤ መከታ የሌለው ጣራ፣ ማንም ባይወድቅበትም፣ ትእዛዝ የፈረሰበት ጣራ ነው። ስለ ተዋጊ በሬ በተጻፈው ደግሞ ሌላ ልዩነት እናገኛለን። በሬው አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ካልታወቀ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተነግሮት ሳለ ካልጠበቀው ግን ፍርዱ ይከብዳል። እንግዲህ መካኒክ በሰኔ ወር የነገረኝ ቃል በሬዬ ተዋጊ መሆኑን ማስጠንቀቁ ነበር። የቲማቲሙ ሣጥን መሰበር ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ብነዳ ኖሮ በምን ቃል አመካኝ ነበር?

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው። በደልና ዕዳ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን አንድ አድርገን ስለምንቈጥራቸው እንሳሳታለን። በደል የሚለካው ሰውየው በሚያውቀውና በሚችለው ነው፤ ስለዚህ ሣጥን የሰበረውና ሰው የገደለው በደላቸው እኩል ነው። ዕዳ የሚለካው ግን በደረሰው ጉዳት ነው፤ ስለዚህ የገደለው ሰው ለሟቹ ቤት፣ ለእናቱና ለልጆቹ ሣጥን የሰበረው የማይከፍለውን ይከፍላል፤ ኀዘኑም ሊበልጥ ይገባል። ዕዳ የሌለበት ሰው በደልም የሌለበት መስሎ ሲታየው፣ ያልተከፈለው በደል በልቡ ውስጥ ልማድ ይሆናል። ያለ ጉዳት ያለፈ ቸልተኝነት ከሁሉ የሚከፋው በዚህ ነው፤ ያስተምራል፤ የሚያስተምረውም ሐሰት ነው። «ትናንት ምንም አልሆነም» ይለናል።

ነገር ግን በአእምሮዬ የቀረ አንድ ጥያቄ ነበር። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሉት አምስት ወራት ውስጥ የበደልሁት በየትኛው ቀን ነው? አንድም ቀን ተነሥቼ «ፍሬኔን አላሠራም» ብዬ አልወሰንሁም። በየቀኑ ያልሁት «ነገ» ብቻ ነው፤ አንድ ቀን መዘግየት ደግሞ ትንሽ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ሸራ አያልቅም። እነዚያን ቀኖች አንድ በአንድ ለዳኛ ባቀርባቸው ከሁሉም ነጻ የምወጣ ይመስለኛል፤ ሁሉም በተደመሩ ጊዜ ግን አንድ ልጅ ከሞት በስንዝር ርቆ ቆመ። እንዲህ ያለው በደል ቀን የለውም። ቀን የሌለውን በደል ደግሞ ሕሊና ሊይዘው አይችልም፤ ሕሊና እንደ ዳኛ ሁሉ «መቼ?» ብሎ ይጠይቃልና።

የተወሰነ የሰርቪስ ቀን ጥቅሙ ለመኪናይቱ ብቻ ያለ መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ጊዜ ነው። በደብተር ላይ «ጥር 15 ቀን ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ ይታያል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ጥር 16 ቀን ሲነጋ ያደረገውን ወይም ያላደረገውን ያውቃል። ቸልታው ቀን አግኝቷል፤ ስም አግኝቷል። ከእንግዲህ «ነገ» በሚል ቃል ሊሸፈን አይችልም። ደግሞም ይህ ሰው ውሳኔውን የወሰነው ሳይቸኩልና ሳይፈራ በደኅናው ቀን ስለ ሆነ፣ የችኰላው ቀን ሲመጣ ከራሱ ጋር መከራከር አያስፈልገውም።

ይህን ነገር በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች በአገራችን አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አውሮፕላን የሚመረመረው ስለ ተበላሸ ሳይሆን ሰዓቱ ስለ ደረሰ ነው፤ የመረመረውም ባለሙያ በፊርማው ያረጋግጣል። ማንም መንገደኛ «አውሮፕላኑ ትናንት በደኅና በርሯል፣ ስለዚህ ዛሬ አይታይ» ቢባል አይሳፈርም። ይኸው መንገደኛ ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ራሱ መኪና ሲገባ ግን ይህንኑ የማይቀበለውን ቃል ለራሱ ይናገራል። ምክንያቱ አውሮፕላን ሲወድቅ ዓለም ሁሉ ስለሚሰማና በመንገድ የሚሞተው ግን አንድ አንድ እያለ ስለሚሞት ይመስለኛል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ይህ ሁሉ በፍሬን መሳሳት የመጣ አይደለም፤ ፍጥነትም፣ ስካርም፣ የመንገድ ክፋትም አለበት። ነገር ግን ከብዙዎቹ በስተኋላ አንድ «ነገ» ተሰውሮ ይገኛል።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ላላቸው ወገኖቼ የምመክረው ቀላል ነገር ነው። በመኪናችሁ ውስጥ አንዲት ደብተር አኑሩ። ዘይቱ፣ የፍሬኑ ዘይት፣ ሸራው፣ ቺንጋው፣ ጎማው መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ታየና እንደ ተለወጠ ጻፉ፤ የሚቀጥለውንም ቀን አስቀድማችሁ ቍረጡ። በየሳምንቱ ከመነሣታችሁ በፊት የውሃውንና የዘይቱን ልክ፣ የጎማውን ነፋስ፣ የመብራቱንና የፍሬኑን ነገር እዩ። ፍሬን ዘይት ሲጐድል ሄዶ የሚደርስበት ስፍራ ስላለው፣ ከመጨመራችሁ በፊት ወዴት እንደ ሄደ ጠይቁ። ሌላ ሰው የሚነዳው መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ የገቢውን ቀን እንደምታውቁት የጋራዡንም ቀን ዕወቁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ የሚቀረን ለቅጠሉ ቀን መቍረጥ ነው።

እኔ ያን ዕለት ሸራውንም ጎሚኒውንም አስለወጥሁ፤ ደብተርም ገዛሁ። ለዚያ ልጅ ያለብኝ ነገር ግን አልቀለለኝም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የአትክልት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ ሄደ። ተሸካሚዎቹም፣ ነጋዴዎቹም፣ አይሱዙዎቹም አብረው ሄዱ፤ አትክልት ተራ የሚለው ስም ብቻ በቀድሞው ስፍራ ቀረ። በዚያ ቍልቍለት ባለፍሁ ቍጥር እግሬ ሳላዝዘው ፍሬኑን ይነካል። ልጁ ዛሬ ባገኘው፣ «ያን ቀን አንተን በድዬሃለሁ» ብለው፣ ሣጥኑን እንጂ ሌላውን ነገር ስለማያስታውስ ይስቅብኝ ይሆናል። የእርሱ አለማወቅ ግን የእኔን ማወቅ አይሽረውም። ስሙን ስላልጠየቅሁትም ዕዳዬን የምከፍለው ለእርሱ ሳይሆን፣ በየመንገዱ ከፊቴ ለሚያልፈው፣ ስሙን ለማላውቀው ሰው ሁሉ፣ በተቈረጠው ቀን ጋራዥ በመገኘት ነው።